ጣና ለምን ወፍጮ አያዞርም? ገበያ፣ ሞኖፖሊና ዕድገት በፊዚክስ ዓይን

[ምስል፦ ማለዳ። ጣና ሐይቅ ከባሕር ዳር ዳርቻ ሲታይ፤ ውኃው ረግቷል።]

ይህ የምትመለከቱት ሐይቅ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይዞ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተንጣሎ ተኝቷል። ታንኳ ያንሳፍፋል፣ ዓሣ ያሳድጋል፣ በደሴቶቹ ላይ ያሉትን ገዳማት ከብቦ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በተኛበት እንዳለ አንዲት የእህል ወፍጮ እንኳ ማዞር አይችልም። ከዚያው ሐይቅ የወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ሲደርስ ግን፣ ከሐይቁ ጋር ሲነጻጸር እፍኝ የማይሞላው ውኃ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል፤ ከፏፏቴው አጠገብ የተሠሩት ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም የተተከሉት በዚህ ቁልቁለት ምክንያት ነው። ስሌቱ አጭር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 40 ሜትር ሲወርድ በንድፈ ሐሳብ 0.11 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይሰጣል፤ ዜሮ ሜትር ሲወርድ ዜሮ ይሰጣል። የውኃው ብዛት ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ የከፍታ ልዩነት ይፈልጋል።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ የእንፋሎት ሞተር እንዴት ሥራ እንደሚሠራ ሲያስረዳ ሙቀትን ያነጻጸረው ከፏፏቴ ጋር ነበር። ሙቀት ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ልክ እንደ ውኃ ሥራ ይሠራል፤ ሁለቱ ቦታዎች እኩል ከሞቁ ግን፣ ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ሞተሩ አይንቀሳቀስም። ካርኖ ስለ ሙቀት ምንነት የነበረው ግንዛቤ በኋላ ቢታረምም ይህ ነጥብ እስከ ዛሬ ጸንቷል። በዚህ ቪዲዮ የምንሞክረው ይህንኑ ነጥብ ይዘን ወደ ገበያ መሄድ ነው፤ የሚወስደን መንገድ እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ጥርጊያ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ገደል አለው፣ ገደሉ የት እንደሚጀምርም እናያለን።

[ምስል፦ የበቸና ገበያ። ጆንያዎች፣ ሚዛን፣ የጭነት መኪና።]

በቸና ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ 11,000 ብር፣ አዲስ አበባ ደግሞ 13,000 ብር ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። በሁለቱ ገበያዎች መካከል ያለው 2,000 ብር የከፍታ ልዩነት ነው። ይህንን ያየ ነጋዴ አይሱዙ ተከራይቶ፣ ለጫኝና ለአውራጅ፣ ለኬላና ለደላላ በኩንታል 800 ብር ከፍሎ፣ 1,200 ብር ያተርፋል። ወሬው ግን ተደብቆ አይቀርም። ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ ሃያኛው ነጋዴ ሲከተል የበቸና ገበሬ የሚፈልጉት ገዢዎች ስለበዙ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጤፉ ስለበዛ ዋጋው ይወርዳል። ልዩነቱ 800 ብር ላይ ሲደርስ ሩጫው ይቆማል፤ ምክንያቱም የቀረው ልዩነት በሙሉ ለመንገዱ ወጪ ብቻ የሚበቃ ነው።

አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር ለዶክትሬት ጥናቱ ይህንኑ ሐሳብ በቃል ብቻ ሳይሆን በውኃ ነድፎታል። እ.ኤ.አ. በ1891 በዬል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ሥራ ገበያን እርስ በርሳቸው በቱቦ እንደተያያዙ የውኃ ጋኖች አድርጎ ሣለው፤ አንዱ ጋን ላይ ውኃ ሲጨመር የሌሎቹ ሁሉ ከፍታ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየውን መሣሪያም ከሁለት ዓመት በኋላ በእርግጥ ሠራው። ከአማካሪዎቹ አንዱ በሙቀት ሳይንስ ስሙ የገነነው ዊላርድ ጊብስ መሆኑን ስናውቅ፣ ኢኮኖሚክስ ስለ ሚዛን፣ ማለትም ስለ መመጣጠን፣ የሚናገርበትን ቋንቋ ከየት እንደተዋሰ ግልጽ ይሆናል።

በምሳሌያችን የቀረችው 800 ብር በፊዚክስ ሰበቃ የምንለው፣ ነገሮች ሲፋተጉ እንቅስቃሴን የሚይዘው ኃይል፣ ናት። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ እህል የጫነ ሾፌር ሰበቃን ከማንም መምህር በላይ ያውቃታል፤ ከደጀን በኋላ የዓባይን በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ጊዜውም በኩንታሉ ዋጋ ላይ ይደመራሉ። ሰበቃ በተቀነሰ ቁጥር፣ መንገዱ ሲስተካከል ወይም ዋጋን በስልክ መጠየቅ ሲቻል፣ የገበሬውና የሸማቹ ዋጋ ይቀራረባል። ይሁንና ሰበቃ ሁሉ ጠላት ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ያ ሾፌር ቁልቁለቱን በሰላም የሚወርደው ፍሬኑ ስለሚፋተግ ነው። ገበያም የሚዛን ቁጥጥር፣ የጥራት ምርመራና የጽሑፍ ውል የሚባሉ ፍሬኖች አሉት፤ እነርሱን “እንቅፋት” ብሎ የሚያስወግድ ሰው የፍሬን ዘይቱን አፍስሶ በረሃውን ለመውረድ እንደተነሣ ሾፌር ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ ደርሰናል። ውድድር ልዩነትን እየበላ የሚሄድ ከሆነ መጨረሻው ጣና ነው፤ ማለትም ሁሉም ነጋዴ ወጪውን ብቻ የሚሸፍንበት፣ ሁሉም ዋጋ የተስተካከለበት፣ ረግቶ የተኛ ገበያ። የመማሪያ መጻሕፍት ይህንን ፍጹም ውድድር ብለው ያወድሱታል፤ ለሸማቹም መልካም ነው። ነገር ግን ከረጋ ውኃ ሥራ አይገኝም ብለናል። ታዲያ ዕድገት ከየት ይመጣል?

[ምስል፦ የጮቄ ተራራ፤ ደመና እየወጣ።]

ጢስ ዓባይ ለዘመናት ሲወርድ የኖረው ውኃውን መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣ ኃይል ስላለ ነው። ፀሐይ ከባሕርና ከምድር ውኃ ታተናለች፤ ደመናው ተጉዞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄና በሌሎች ተራሮች ላይ ይዘንባል፤ ወንዞቹም እንደገና ቁልቁል ይጀምራሉ። ፏፏቴው የሚያጠፋውን ከፍታ ፀሐይ ትመልሳለች። በኢኮኖሚ ውስጥ የፀሐይን ሥራ የሚሠራው አዲስ ዕውቀት ነው፤ አዲስ ዘር፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ አሠራር። መጀመሪያ ያገኘው ሰው ከሌላው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ያ ከፍታም ትርፍ ይሰጠዋል፣ ሌሎች ሲከተሉት ከፍታው ይሟሽሻል፣ ጥቅሙ ግን እንደ ጎርፍ ውኃ ታች ያለውን መስክ ሁሉ ያዳርሳል።

በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ የሆነውን እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በእርሻቸው ላይ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ዘርተው፣ ከዓመታት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ከሰል አክስለው በመሸጥ አፈሩንም ኪሳቸውንም አዳበሩ። ቀድሞ የተከለው ጎረቤቱን በለጠው፤ ጎረቤቱም አይቶ ተከተለ። ማንም ሊዘጋው የሚችል በር ስላልነበረው አሠራሩ ኮረብታውን አረንጓዴ አልብሶ ከወረዳው ወጥቶ ሄደ።

በር ሲኖረውስ? ሞኖፖሊ ማለት፣ በአጭሩ፣ የአንድ ገበያ በር በአንድ ሰው ወይም በአንድ ድርጅት እጅ መሆን ነው። ጉዳቱን በቁጥር እንየው፤ ብዙ ሰው ጉዳቱ ባለቤቱ የሚሰበስበው ትርፍ ብቻ ይመስለዋልና።

አንዲት የገጠር ከተማ አንድ ወፍጮ ብቻ አላት እንበል። ባለወፍጮው አንድ ኩንታል ለመፍጨት የሚያወጣው ወጪ 100 ብር ነው። ዋጋው 500 ብር ከሆነ ማንም አያስፈጭም፤ ከዚያ ዋጋው በ50 ብር በወረደ ቁጥር በቀን አሥር ኩንታል ይጨመራል። ባለወፍጮው ብቻውን ስለሆነ ለራሱ የሚጠቅመውን ዋጋ ሲፈልግ 300 ብር ላይ ይቆማል፤ 40 ኩንታል ይፈጫል፣ በቀን 8,000 ብር ያተርፋል። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ቢጠይቅ ትርፉ ይቀንሳል፤ ማመን ያቃተው በወረቀት ያስላው። ብዙ ወፍጮዎች ተወዳድረው ዋጋው ወደ 100 ብር ቢወርድ ኖሮ ግን 80 ኩንታል ይፈጭ ነበር።

8,000 ብሩ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ዞረ እንጂ አልጠፋም፤ ተገቢ ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። የጠፋው ሌላ ነው። ወፍጮው ጋ ያልመጣው 40 ኩንታል ለአስፈጪዎቹ ከወጪው በላይ ዋጋ ነበረው፤ ያ ጥቅም ሲሰላ በቀን 4,000 ብር ይሆናል፣ ይህንንም ባለወፍጮው አላገኘውም፣ አስፈጪውም አላገኘውም። በሞተር ውስጥ ሰበቃ ወደ ሙቀት ለውጦ እንደሚያባክነው ኃይል፣ ማንም ሳይጠቀምበት በኖ ይቀራል። እህሉስ ሳይፈጭ ቀረ ማለት ነው? አልቀረም፤ ሌሊት ተነሥታ፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍታ፣ በመጁ የፈጨች እናት አለች። የሰው ክንድ ለረጅም ሰዓት የሚያወጣው ኃይል 100 ዋት እምብዛም አይሞላም፤ የመንደር ወፍጮ ሞተር ደግሞ 10 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ነው። ሞኖፖሊው አንድ ሰው ከማበልጸጉ ይልቅ ሞተሩን ግማሽ ቀን አስቁሞ ሥራውን ወደ ክንድ መመለሱ ይበልጥ ያሳዝነኛል።

[ምስል፦ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ።]

እስካሁን የተባለው ሞኖፖሊ ሁሉ ይፍረስ የሚያሰኝ ይመስላል። ነገር ግን ይህንን ግድብ ተመልከቱ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የመያዝ አቅም አለው፤ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨትም ተሠርቷል። ውኃውን ካላገደ ከፍታ የለም፤ ከፍታ ከሌለ ተርባይኑ አይዞርም። “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” እየተባለ የተተረተው ውኃው ስላነሰ ሳይሆን የሚያቆመው ስለጠፋ ነበር። ሞኖፖሊም እንዲሁ ውድድርን ለጊዜው አግዶ ለአዲስ ሥራ የሚሆን ከፍታ ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ግድብ ይኑር አይኑር አይደለም፤ ግድቡ ተርባይን አለው ወይ? በሩስ ይከፈታል ወይ? ነው።

ከታሪክ ለዚህ የሚመጥን ምሳሌ የራሱ የእንፋሎት ሞተር ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት፣ የቶማስ ኒውኮመን ሞተር ብዙ ከሰል በከንቱ እንደሚያቃጥል ተረድቶ፣ እንፋሎቱን በተለየ ዕቃ የሚያቀዘቅዝበትን ብልሃት አገኘና እ.ኤ.አ. በ1769 የባለቤትነት መብት (ፓተንት) ተሰጠው። በ1775 የእንግሊዝ ፓርላማ መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ያለዚህ መብት ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈስ ነበር ብዬ አላምንም፤ እስከዚህ ድረስ ግድቡ ተርባይን ነበረው። ሁለቱ ሸሪኮች በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ካለችው ከኮርንዋል የማዕድን ባለቤቶች የሚቀበሉት ክፍያ በአዲሱ ሞተር ምክንያት የዳነው የከሰል ወጪ አንድ ሦስተኛ ነበር፤ ለጊዜው ብልህ የሆነ ስምምነት ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ካልቆጠበ ክፍያ የለም።

ዓመታቱ ሲገፉ ግን ተርባይኑ ቆመና በሩ ብቻ ቀረ። ጆናታን ሆርንብሎወር በሁለት ሲሊንደር የሚሠራ ሞተር ይዞ ሲነሣ የዋት መብት ከፊቱ ቆመ። ዋት ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎት አደገኛ ነው ብሎ ይቃወም ነበር፤ ፍርሃቱ ጨርሶ መሠረት የለሽ ባይሆንም፣ ሌላው እንዳይሞክረው የሚከለክልበት ሕጋዊ አጥር በእጁ መሆኑ ነው ችግሩ። መብቱ በ1800 ባለቀ ማግስት ሪቻርድ ትሬቪቲክ በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ ሞተሮቹን አወጣ፤ በ1804ም ሎኮሞቲቩ በሐዲድ ላይ ጭነት ጎተተ። የኮርንዋል መሐንዲሶችም ከ1811 ጀምሮ የየሞተራቸውን የከሰል ፍጆታ በየወሩ እያሳተሙ እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ፤ በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት አስርት ዓመታት ከአንድ መጠን ከሰል የሚገኘው ሥራ ከእጥፍ በላይ አደገ። ካርኖ የፏፏቴውን ሐሳብ የጻፈው በዚሁ መካከል፣ ከእንግሊዝ ይመጡ በነበሩት በእነዚህ ከፍተኛ ግፊት ባላቸው ሞተሮች እየተደነቀ ነበር። ማለትም ፊዚክሱ ራሱ በሩ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ በሩን ማንም ሳይዘጋው ገበያ በአንድ እጅ የሚጠቃለልበት ጊዜ አለ። በክፍል ውስጥ የተለቀቀ የዕጣን ጢስ ይበተናል እንጂ አይሰበሰብም፤ ዋጋም እንዲሁ መስተካከል ይቀናዋል። ስበት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በሕዋ የተበተነ ጋዝ አንዱ ሌላውን እየሳበ፣ የከበደው ይበልጥ እየሳበ፣ በመጨረሻ ኮከብ ይሆናል። በስልክ ገንዘብ የምንልክበትን አገልግሎት አስቡት። ደብረ ማርቆስ ያለች ሴት የምትመዘገበው በፍኖተ ሰላም ያለው ወንድሟ የተመዘገበበት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ያለበት ይበልጥ ሰው ይስባል። የስበት ሒሳብ ለንግድ እንግዳ አይደለም። በሌይደን ፊዚክስ ተምሮ ወደ ኢኮኖሚክስ የተሻገረው ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1962፣ የሁለት አገሮች ንግድ ከኢኮኖሚያቸው ስፋት ጋር እየጨመረ ከርቀታቸው ጋር እንደሚቀንስ የሚያሳይ ቀመር አቅርቧል፤ ዛሬም ሠርቶ የሚገኝ ቀመር ነው። ስበት ባየለበት ገበያ ሁለተኛ ድርጅት እንዲቋቋም መፍቀድ ብቻውን አይበቃም፤ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ገንዘብ የሚላክበት ቦይ ካልተቀደደ አዲሱ በትልቁ ተስቦ ይዋጣል።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፤ ከላይ “ገደሉ” የሚል ጽሑፍ።]

መንገዱ ገደል አለው ብዬ ነበር። የመጀመሪያው፣ በፊዚክስ ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ በገበያ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ጤፏን ሸጣ ጨው የገዛች ሴትና ጨው ሸጦ ጤፍ የገዛ ሰው ሁለቱም ተጠቅመው ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዱ ያተረፈው ሌላው የከሰረው ነው የሚለው አስተሳሰብ የገበያን ሒሳብ በኃይል ሒሳብ የተካ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። የጋዝ ቅንጣቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ስለ ዋጋ አይመክሩም። አምስት ሰብሳቢ ነጋዴዎች ግን በገበያ ዋዜማ ተገናኝተው “ነገ ከዚህ በላይ አንከፍልም” ሊባባሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አምስት ሆነው እንደ አንድ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንዲህ ያለውን ስምምነት የሚከለክለው ለዚህ ነው። አዋጁ በገበያ ላይ ገናና መሆንን በራሱ ወንጀል አላደረገም፤ የከለከለው ያንን አቅም አላግባብ መጠቀምን ነው፣ ከግድቡ ጥያቄያችን ጋርም ይገጥማል።

ሰው ደግሞ ነገን ያያል። በአገራችን ሁለተኛው የቴሌኮም ኦፕሬተር ፈቃድ ያገኘው በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ጥሪ ታሪፉን በ40 ከመቶ የቀነሰው ግን በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ መንግሥት ዘርፉን በከፊል ለግል ባለሀብቶች ለመክፈት መወሰኑን ካስታወቀ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነበር። ለቅናሹ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ቢሆንም ገና ያልመጣ ተወዳዳሪ ዋጋን ሊያወርድ መቻሉ በኢኮኖሚክስ የታወቀ ነገር ነው። ድንጋይ ነገ ለሚመጣ ስበት ዛሬ አይወድቅም። ነጋዴ ይወድቃል።

[ምስል፦ የገጠር ከተማ መንገድ፤ ከሩቅ የወፍጮ ድምፅ።]

ባደግሁባት ትንሽ የጎጃም ከተማ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ብቻ ነበር። ወረፋው ከማለዳ እስከ ምሽት ነበር፤ እናቴ እህል አሸክማ ስትልከኝ ስልቻዬን በወረፋው ላይ ትቼ ጨዋታ እሄድ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ወፍጮ ተከፈተ። ዋጋው በአንድ በጋ ወረደና ሁለቱም ባለወፍጮዎች እኩል ዋጋ ይዘው፣ እኩል አቧራ ለብሰው፣ ለዓመታት ምንም ሳይለውጡ ኖሩ። ያን ጊዜ ባላውቀውም፣ ጣናን እያየሁ ነበር። የኤሌክትሪክ መስመር ሲገባ ሦስተኛ ሰው በኤሌክትሪክ ሞተር ፈጭቶ ከሁለቱም በታች አስከፈለ፤ ከናፍጣዎቹ አንዱ መስመሩን አስገብቶ ተከተለው፣ ሌላው ዘጋ። የዘጋው ሰውዬ ሞተሩን የሸጠው ከከተማው ወጣ ብሎ ሽንኩርት ለሚያለማ ገበሬ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው ያ አሮጌ ሞተር ከወንዝ ዳር ተተክሎ፣ ጥቁር ጭሱን እየተፋ፣ ውኃ ወደ ዳገቱ ማሳ ሽቅብ ያወጣ ነበር።